ማካሩን በእንጦጦ እሳት

«ማካሩን» ሲባል ብዙዎቻችሁ ዓይን ላይ ድቅን የሚለው ኬክ ቤት መስታወት ውስጥ የተደረደረው፣ ባለ ሮዝና ባለ አረንጓዴ ቀለሙ፣ መሐሉ ክሬም የተቀባው፣ አንዷን ፍሬ ለመግዛት ኪስ የሚያስዳብሰው ነገር ይሆናል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሱ አይደለም። እሱ የልጅ ልጅ ነው። የማወራው ስለ አያትየው ነው፦ የተወቀጠ ለውዝ፣ ስኳርና የእንቁላል ነጭ ተለውሶ፣ በማንኪያ እየተጨለፈ ትሪ ላይ ተቀምጦ የሚጋገር፣ መልኩ ጠጠር መሳይ፣ ላዩ ኮሽ የሚል ውስጡ ለጥርስ የሚለሰልስ ብስኩት። ዱቄት የለው፣ እርሾ የለው፣ ቅቤ የለው፣ ወተት የለው። ሦስት ነገርና እሳት ብቻ።

ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ ቆሎ ሲቆላ፣ ዳቦ ቆሎ ሲጠብስ፣ ጭኮ ሲለውስ የኖረ ጓዳ ለምን ማካሩን አልጋገረም? «ባህላችን ስላልሆነ ነዋ!» የምትሉ አትጠፉም። ማኪያቶስ ባህላችን ነበር እንዴ? ቦምቦሊኖስ? አዲስ አበባ ከውጭ የመጣ ጣፋጭ ነገር አልቀበልም ስትል ታይታ አታውቅም። የእኔ መልስ ሌላ ነው። ቤታችን ውስጥ ምን እንደሚጋገርና ምን እንደማይጋገር የወሰነው እሳት ነው እላለሁ። በምን እናነዳለን? ለምን እናነዳለን? ማገዶውን ማን ተሸክሞ ያመጣዋል? እስቲ ይህን ጥያቄ ይዘን ከሾላ ገበያ ተነስተን፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን አድርገን፣ እንጦጦ ድረስ እንውጣ። (አትስጉ፣ ታክሲ አለ። «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በቀር ዓመተ ምሕረቱም በእኛው አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ስሙን እንፍታው

ማካሩን እና በስጎ የምንበላው ማካሮኒ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ከአንድ የጣሊያንኛ ቃል የወጡ ሲሆን፣ ቃሉን «መጨፍለቅ፣ መደቆስ» ከሚል ግሥ ጋር የሚያዛምዱት የቋንቋ ሰዎች አሉ። አንደኛው ወንድም ወደ አዲስ አበባ ዘልቆ ቤተኛ ከሆነ ቆየ። በየልደቱና በየሰርጉ ትሪ ላይ አይጠፋም። ሌላው ግን ኬክ ቤት በር ላይ ቆሞ ቀረ።

የለውዙ ነገር ደግሞ የበለጠ ይገርማል። የመጀመሪያው ማካሩን የተጋገረው በሜዲትራኒያን ዳርቻ በሚበቅል የዛፍ ለውዝ ነው፤ ዛሬ ሱፐርማርኬት ውስጥ «አልሞንድ» ተብሎ በትንሽ ከረጢት በትልቅ ዋጋ የሚሸጠው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የአሮን በትር አፈራችው የተባለው ለውዝ ይኸው ነው። ዐረቦችም «ለውዝ» የሚሉት እሱኑ ነው። እኛ ግን «የለውዝ ቅቤ» ወይም «የለውዝ ሻይ» ስንል አልሞንድ በሐሳባችን ጫፍ አይመጣም። የምንለው ኦቾሎኒን ነው።

ኦቾሎኒ የዛፍ ፍሬ እንኳን አይደለም። የባቄላና የአተር ዘመድ ነው፤ የሚያፈራውም መሬት ውስጥ ነው። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ አፍሪካ የተሻገረው ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አትላንቲክን ማመላለስ ከጀመሩ በኋላ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ምሥራቅ ሐረርጌ ተመቸው፤ ባቢሌ፣ ፈዲስና ጉርሱም የታወቁ የኦቾሎኒ አገሮች ናቸው። መንገድ ላይ ተጠቅልላ የምትሸጥልን ያቺ ጥቅልል ብዙ ጊዜ መነሻዋ እዚያ ነው።

እንግዲህ ቋንቋችን ማንንም ሳያስፈቅድ የአልሞንድን ስም ወስዶ ለኦቾሎኒ ሰጥቷል ማለት ነው። ነገ በኦቾሎኒ ማካሩን ስትጋግሩ «ይሄማ ኦሪጂናሉ አይደለም» የሚላችሁ ቢመጣ፣ «ስሙን አልሰማህም? ለውዝ እኮ ነው» በሉት። ማካሩን ራሱም በሄደበት አገር ሁሉ ይህንኑ ሲያደርግ ኖሯል። እንግሊዝና አሜሪካ ሲደርስ ኮኮናት ለበሰ። አይሁድ በፋሲካቸው እርሾ የነካው ነገር ስለማይበሉ፣ ዱቄትም እርሾም የሌለውን ይህን ብስኩት የቂጣ በዓል ጣፋጭ አደረጉት። በያገሩ የተገኘው ፍሬ ገብቶበታል፤ እዚህ ሲደርስ ኦቾሎኒ ቢገባበት ምን ይገርማል?

ስኳሩስ?

አያቶቻችን ጣፋጭ ሲሉ ማር ማለታቸው ነው። ማር ደግሞ አብዛኛው ጠጅ ሆኖ ነው የሚያልቀው። ስኳር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ነበር። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ አመጣጡ ቀለለ እንጂ እንደ ጨው በየጓዳው አልተገኘም። ነገሩ የተለወጠው ከኢንዶኔዥያ ነቅሎ የመጣው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ ሸንኮራ አገዳ አልምቶ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር ነው። ቀጥሎ መተሐራ መጣ፣ ከዚያ ፊንጫ።

ቢሆንም ስኳር ቤታችን የገባው በሻይና በቡና በኩል ነው። በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ በካርድ ተለክቶ ይሰጥ ነበር። ከዚያም በኋላ በሸማቾች ማኅበር በር ላይ ፌስታል ይዞ ወረፋ መጠበቅ የዚህ ትውልድም ትዝታ ነው። በወረፋ የመጣ ስኳር ለልጆች ሻይ ይቆጠባል እንጂ «እስቲ ብስኩት እንሞክርበት» አይባልበትም። እናቶቻችንን «ለምን ኬክ አትጋግሩም ነበር?» ብሎ መጠየቅ ካማራችሁ ይህን አስቀድማችሁ አስቡ።

እንግዲህ ኦቾሎኒው ተገኘ፣ ስኳሩም በመከራም ቢሆን ተገኘ። እንቁላል ከዶሮዋ ነው። የቀረው እሳቱ ነው።

ከተማዋን ሊያስነቅል የነበረው ማገዶ

እንጦጦ ከመቶ ሠላሳና አርባ ዓመት በፊት የጽድና የወይራ አገር ነበረች። ምኒልክ በ1870ዎቹ እዚያ ከተሙ። ቤተ መንግሥት ባለበት ግብር አለ፤ ግብር ባለበት ምጣድ ከእሳት አይወርድም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያዘጋጁት ግብር ቀናት የፈጀ ነበር። ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ደፉ። ስለ እነዚያ ግብሮች ሲወራ ጠጁ ይነሳል፣ ጥሬ ሥጋው ይነሳል፣ የእንግዳው ብዛት ይነሳል። የማይነሳው ማገዶው ነው። ያን ሁሉ እንጀራ የጋገረ፣ ያን ሁሉ ወጥ ያበሰለ እሳት ከተራራው ላይ ተቆርጦ የወረደ ነው።

ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውኃ አካባቢ ቤት አሠርተው ሥፍራውን አዲስ አበባ ካሉት በኋላ ሕዝቡ ወደ ሜዳው ወረደ። ሕዝቡ ሲበዛ ጫካው ሳሳ፤ እንጨት ለማግኘት የሚኬደው መንገድም ከዓመት ዓመት ረዘመ። ጭንቁ እዚህ ድረስ ደርሶ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ልብ በሉልኝ፤ በጠላት አልነበረም፣ በወረርሽኝም አልነበረም። ለማብሰያ የሚሆን እንጨት በመጥፋቱ እኔና እናንተ ዛሬ «የአዲስ ዓለም ልጆች» ልንባል ምንም አልቀረንም ነበር።

ከተማዋን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገብቶ የተሞከረው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ምኒልክ ለሚተክለው ሰው መሬቱን ከግብር ነጻ አድርገው አበረታቱ። ሕዝቡም ከባሕር ማዶ ነው የመጣው ብሎ «ባሕር ዛፍ» አለው። ከእንጦጦ ማርያም ጀምሮ በየካ ተራራ በኩል እስከ ኮተቤ ያለው ጋራ ባሕር ዛፍ ለበሰ። ከዐለት የተፈለፈለው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል ዛሬ በባሕር ዛፍ ጫካ መካከል ነው ያለው። ከተራራው ግርጌ ምኒልክ ለእንግሊዝ፣ ለሩሲያና ለፈረንሳይ ለጋሲዮን የሰጧቸው ሰፋፊ ግቢዎች በዛፍ ተሸፈኑ። «ፈረንሳይ» የሚባለው ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው።

ስለ ባሕር ዛፍ ብዙ ክርክር አለ። ውኃ ይመጥጣል፣ ሥሩ አጠገብ ሌላ አያበቅልም የሚሉት እውነት አላቸው። የከተማዋ ምጣድ ላይ የነደደው ግን እሱ ነው። ይህም አይካድም።

እሳቱን የተሸከመው ጀርባ

ዛፉ ተራራ ላይ፣ ምጣዱ ከተማ ውስጥ። በመካከላቸው ያለውን ቁልቁለት ማን ሞላው? በአብዛኛው ሴት።

ጎሕ ሳይቀድ ወደ እንጦጦና ወደ የካ ጋራ ወጥተው፣ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አስረው፣ ጎብጠው በፈረንሳይ፣ በሽሮ ሜዳና በኮተቤ በኩል የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። አንዳንዷ ከራሷ ክብደት የማያንስ ትሸከማለች። በ1980ዎቹ በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ድጋፍ በተካሄደው ጥናት ላይ ተመሥርቶ በተደጋጋሚ እንደተገለጸው፣ እነዚህ ሴቶች በዚያን ጊዜ የከተማዋን የማገዶ እንጨት ሲሶ ገደማ ያቀርቡ ነበር። ሲሶ! ሦስት እንጀራ ከተጋገረ አንዱ ከእነሱ ጀርባ ላይ የወረደ ነው እንደማለት። በዚያ ላይ የጫካ ጥበቃ ያሳድዳቸዋል፤ ዝናብ አለ፣ ጅብ አለ፣ ከጅብ የከፋ ሰው አለ። ከጊዜ በኋላ ከመካከላቸው የተወሰኑት የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበርን አቋቁመው ወደ ሽመናና ወደ ዕደ ጥበብ ገብተዋል። በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ጋራው የመዝናኛና የሽርሽር ቦታ ሆኗል። እኛ ፎቶ የምንነሳባቸው መንገዶች ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት የማገዶ መንገዶች ነበሩ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ማገዶ በሰው ጀርባ ወርዶ፣ በእስር ተቆጥሮ በሚገዛበት ቤት እሳት ተራ ይጠብቃል። መጀመሪያ እንጀራ፣ ቀጥሎ ወጥ፣ ቀጥሎ ቡና። ለዳቦ የሚነደው በበዓል ነው። ለጣፋጭ የሚተርፍ ፍም ከየት ይመጣል?

ኦቭን ነበረን እኮ!

«በፊት መጋገሪያ ስላልነበረ ነው» የሚል አስተያየት እንዳይመጣ ከወዲሁ ልዝጋው። ነበረን። ድፎ ዳቦ እንዴት እንደሚጋገር አስታውሱ። ምጣዱ ላይ ኮባ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይፈስሳል፣ በላዩ ኮባ ይለብሳል፣ ይከደናል፤ ከዚያ ከታች ይነዳል፣ ክዳኑ ላይም ፍም ይደረጋል። መከራ የተደራረበበት ሰው «እንደ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ሆነብኝ» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። ይህ ከኦቭን በምን ያንሳል? ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይመጣል፣ እንፋሎቱ አይወጣም፣ ፍሙ ሲበዛና ሲያንስ ሙቀቱ ይስተካከላል። ቴርሞሜትሩ የእናትየው እጅ ነው። ሙያው ሙሉ ነበር፤ ያጠረው ማገዶው ነው።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ብዙ መከራ፣ ጥቂት መንገድና ብዙ ቃል ትቶልን ሄደ። ከቃላቱ አንዱ «ፎርኖ» ነው። በጣሊያንኛ መጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ምን ሆነ? «ፉርኖ» ዳቦው ሆነ። «የፉርኖ ዱቄት» ነጩ የስንዴ ዱቄት ሆነ። ሱቅ ሄደን «አንድ ኪሎ ፉርኖ» ስንል በትክክለኛው ትርጉም አንድ ኪሎ ምድጃ ስጠኝ እያልን ነው! ባለሱቁም አይስቅም፤ ዱቄቱን መዝኖ ይሰጠናል።

ለምን ስሙ ወደ ዳቦው ተሻገረ ብላችሁ ስትጠይቁ ታሪኩ ይገለጥላችኋል። ምድጃው ወደ ቤት አልገባም። የገባው ዳቦ ቤት ነው፤ ከዚያ የሚወጣውን እንገዛለን፣ እሳቱን አናየውም። ኬክም እንዲሁ ሆነ። ፒያሳ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ስሙ የገነነው ኤንሪኮ ኬክ ቤትና እሱን የመሰሉት ጣፋጭ የሚባለውን ነገር ከጓዳ አውጥተው ከቡና ቤት ወንበር ጋር አቆራኙት። ኬክ ሰው የሚጋበዝበት፣ ፍቅረኛ የሚጠበቅበት፣ በወረቀት ሣጥን በክር ታስሮ ለእንግዳ የሚወሰድ ነገር ሆነ። ድፎ የእናት፣ ኬክ የኬክ ቤት።

ኤሌክትሪክስ? በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ኃይል ማመንጫ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ከዚያ በኋላ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲስፋፋ የአዲስ አበባ ቤት መብራቱን አምፖል ላይ ካዋለ በኋላ የሰጠው ለማን ነው? ለምጣዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ ከተማዋ ጓዳ ገባ፣ ኦቭን ግን «የሀብታም ዕቃ» ተብሎ ቀረ። ምክንያቱን ስትጠይቁ «ኦቭንማ ቆጣሪ ይበላል» ትባላላችሁ። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የእንጀራ ምጣድ በአብዛኛው ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ አንድ ሰዓት ቢሠራ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ኦቭን 1,500 ዋት ገደማ ነው፤ ማሞቂያውን ጨምሮ ለግማሽ ሰዓት ቢሠራ 0.75 ኪሎዋት ሰዓት። ከምጣዱ ሩብ አይሞላም። ኦቭኑን በላተኛ ያሰኘው ልማድ ነው። እንጀራ ግድ ነው፣ ጣፋጭ ትርፍ ነው፤ ለትርፍ ነገር የወጣች ሳንቲም ሁሌም ትታያለች።

በተጨማሪም በ1980ዎቹ «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃና «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ወጡ። ሁለቱም የተሠሩት በትንሽ ማገዶ ብዙ ለማብሰል ነው። ምድጃ በቁም ነገር የተጠናበት፣ የሴት ድካም የምሕንድስና ጥያቄ የሆነበት ጊዜ ስለሆነ ይህም ከታሪካችን ይቆጠር።

የናንሲ እህቶች

አሁን ለአፍታ ወደ ፈረንሳይ እንሻገር። ወደ ሰፈሩ አይደለም፣ ወደ አገሩ። በምሥራቅ ፈረንሳይ ናንሲ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1792 አብዮቱ ገዳማትን ሲበትን ሁለት መነኮሳት መንገድ ላይ ቀሩ። ንብረት የላቸው፣ ዘመድ የላቸው። የአንድ ሐኪም ቤት አስጠጋቸው። የሚያውቁት ነገር ቢኖር ገዳማቸው ውስጥ ይሠሩት የነበረውን ማካሩን ነው፦ ለውዝ፣ ስኳር፣ የእንቁላል ነጭ። እሱን እየጋገሩ ሸጡ፤ ኑሯቸውንም ቻሉ። ሕዝቡ «የማካሩን እህቶች» አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 ከተማይቱ የኖሩበትን መንገድ ክፍል በስማቸው ሰየመችው። የእነሱ ማካሩን ቀለም የለውም፣ ክሬም የለውም፤ ላዩ የተሰነጣጠቀው ያው አያትየው ነው።

ይህን ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ማካሩን ባዶ እጅ የቀሩ ሴቶች ሊነሱበት የቻሉት መነሻ ገንዘቡ ትንሽ፣ መሣሪያው ጥቂት፣ እሳቱ አጭር ስለሆነ ነው። ብስኩቱ ለቀናት አይበላሽም፣ ለመሸከምም ቀላል ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በስልክ ትእዛዝ እየተቀበሉ ከቤታቸው ኬክና ኩኪስ የሚሸጡ ወጣቶች፣ በተለይ ሴቶች፣ በዝተዋል። ኬክ ግን ዱቄት፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ክሬም ይፈልጋል፤ ሁሉም ዋጋቸው ጣሪያ ነክቷል፤ መብራት በመሐል ቢጠፋ ሙሉው ይከስራል። በየካ ጠባብ ቤት ተከራይታ አንድ ከሰል ምድጃ ብቻ ላላት ልጅ ማካሩን የሚቀርብ መነሻ ነው። ለዚህ ነው አሠራሩን ከታሪኩ ጋር አብሬ የምጽፈው።

እንዴት ይጋገራል?

አስቀድሞ ስለ ከፍታችን አንድ ነገር። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ጫፉ ላይ 3,200 ሜትር ይደርሳል። እዚህ ከተማ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንጦጦ ላይ ከ90 በታች። አየሩ ስለሚሳሳ በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋ ኬክ ቶሎ ይነፋና መሐሉ ይሰምጣል። የውጭ አገር የኬክ አሠራር ቃል በቃል ተከትለው «እጄ አይባረክም» የሚሉ ሰዎች እጃቸው ምንም አልሆነም፤ ተራራ ላይ ስለሚኖሩ ነው። ማካሩን ግን የሚነፋ ነገር የለውም። ለተራራ ከተማ የተፈጠረ ብስኩት ነው።

ሾላ ገበያ ሂዱና 200 ግራም ጨው ያልነካው የተቆላ ኦቾሎኒ ግዙ። ቀይ ልጣጩን በመዳፋችሁ እያሻችሁ አውጡና አንገዋሉ። ከዚያ ልቀሙት፤ ይህ ለውበት አይደለም። የጨማደደ፣ የጠቆረ፣ የሻገተ ፍሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ መቁላትም መጋገርም አያጠፋውም። የተጠራጠራችሁትን ጣሉት።

ኦቾሎኒውን ከ130 ግራም ስኳር ከፊሉ ጋር ቀላቅላችሁ በሙቀጫ ውቀጡ። ስኳሩ ዘይቱን ስለሚይዘው ወደ ለውዝ ቅቤነት አይሄድም። ድቁስ እንዳለ፣ እንደ ሻካራ በሶ ሲሆን በቃ። የ2 እንቁላል ነጭ ለዩና (አስኳሉን ለፍርፍር) አረፋ እስኪያወጣ ብቻ በሹካ ምቱ። ቀሪውን ስኳር፣ ቁንጥር ጨውና ከወደዳችሁ ጥቂት የተፈጨ ሄል ወይም ኮረሪማ ጨምሩ። ሁሉንም ለውሱት። ከማንኪያ በግድ የሚለቅ፣ የማይፈስ ሊጥ መሆን አለበት። ከቀጠነ ኦቾሎኒ ጨምሩ። የመጋገሪያ ወረቀት ወይም ዘይት የተቀባ ኮባ ላይ በሻይ ማንኪያ እያራራቃችሁ አስቀምጡ፤ 20 ገደማ ይወጣዋል።

ኦቭን ያላችሁ በ160 እና በ170 ዲግሪ መካከል ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። የሌላችሁ እንደ ድፎ አድርጉት። ወፍራም ድስት ታች ሁለት ጣት ያህል ደረቅ አሸዋ ወይም ጨው አንጥፉ፣ ሦስት ጠጠር አስቀምጡ፣ በላዩ ትንሿን የብረት ትሪ አሳርፉ። ድስቱን በከሰል ምድጃ ላይ ባዶውን አሙቁት፤ ከዚያ ትሪውን አስገቡና በብረት ክዳን ክደኑ፤ ክዳኑ ላይ ፍም አድርጉ። ከታች ያለው ፍም ከላይኛው ያነሰ ይሁን፤ ስኳር ታቹ ቶሎ ያርራል። 15 ደቂቃ ሲሞላ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ዳር ዳሩ ወርቃማ ከሆነ ደርሷል። ይህን ሁሉ ስታደርጉ በረንዳ ላይ ወይም ደጅ ሁኑ። በተዘጋ ቤት የከሰል ጢስ ይገድላል፤ ሽታ ስለሌለው ሳያስታውቅ ነው የሚገድለው።

ሲወጣ ለስላሳ ስለሆነ አልበሰለም ብላችሁ አትመልሱት፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። እንቁላል ስላለበት የጾም አይደለም፤ ለፍስክ አቆዩት።

እሳቱ አሁንም ዋጋ አለው

አሁን ሒሳቡን ደምሩ። አንድ እፍኝ ከሰል፣ 20 ደቂቃ። ምኒልክ ከተማ ሊያስነቅላቸው በደረሰው የማገዶ ችግር ዓይን ስታዩት ይህ ብስኩት ቁጥብ ነው። የእንጨት ተሸካሚዋን ጀርባ አስታውሳችሁ ስታዩት ደግሞ አንዲት እፍኝ ከሰልም ነጻ አይደለችም። ዛሬም በማለዳ በፈረንሳይ ቁልቁለት የሚወርድ ሸክም አለ። ስትገዙ አትከራከሩ። ዋጋዋን ስትነግራችሁ «ተወደደ» ከማለታችሁ በፊት ሸክሙን በዓይናችሁ መዝኑት።

የመጀመሪያውን ትሪ ስታወጡ ለጎረቤት አቅምሱ። ቡና ሲፈላ ከፈንዲሻው ጎን አስቀምጡት። ከዚያ «ይሄን ማን ጋገረው?» ሲባል «ፉርኖው ወደ ቤት ገባ» በሉ። መልካም ጋገራ!